ጾም የማያውቁ ዶሮዎች

አትላስን በቅበላ ሰሞን ያላየ ሰው የአዲስ አበባን የሥጋ ፍቅር በወሬ ነው የሚያውቀው። በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 17 ቀን ገባ። በዋዜማው ቅዳሜና እሑድ ከዑራኤል ወደ ኤድና ሞል በሚያልፈው መንገድም ሆነ ወደ ቺቺንያ በሚታጠፉት ቅያሶች መኪና ማቆሚያ መፈለግ ከንቱ ድካም ነበር። ሥጋ ቤቶቹ ደጃፍ ወንበር ያጣው ቆሞ ይጎርሳል። የጥብሱ ጭስ አስፋልቱን ተሻግሮ እስከ ባለመስታወቶቹ ሕንፃዎች ድረስ ይሄዳል። ሁሉም የመጪውን ሁለት ወር ሥጋ በሁለት ቀን ሊጨርስ የተማማለ ይመስላል።

ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር መስቀያው ፊት ተሰለፍን። ነጭ ጋዋን የለበሰው ቆራጭ ቢላዋውን በሞረድ እየሳለ ከፊታችን ያለውን ሰው «ከሽንጡ ነው ከታናሹ?» ይለዋል። ሰውየው በጣቱ እያመለከተ «ከዚህ፤ ነጩም ትንሽ ይግባበት» ይላል። ተራችን ሲደርስ ባልንጀራዬ የተለመደውን ጥያቄ ጠየቀ።

«የየት አገር ሰንጋ ነው?»

«የሐረር ነው ጋሼ!»

አዲስ አበባ ውስጥ የሐረር ያልሆነ ሰንጋ ተሸጦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከአርሲ ቢነሳ፣ ከጎጃም ቢነሳ፣ ከወለጋ ቢነሳ፣ አትላስ ሲደርስ የሐረር ይሆናል። እውነተኛው የሐረር ሰንጋ አለ፤ ደጃፍ ታስሮ፣ የማሽላ አገዳ በእጅ እየጎረሰ የሚያድገው ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ከምንበላው የደጋ በሬ ብዙው ግን ዓመታት ሲያርስ ኖሮ ጉልበቱ ሲደክም ጥቂት ወራት ፉሩሽካና ፋጉሎ ቀምሶ ለገበያ የወጣ ነው። ገበሬው ቡሬ ወይም ዳልቻ እያለ ሲጠራው የኖረ በሬ ነው፤ ደላላው እጅ ሲገባ ስሙ ቀርቶ ዋጋው ይጠራል።

የአትላሱን ሥጋ ቤት የምወድለት አንድ ነገር አለ። በላተኛው የሚበላው እንስሳ መሆኑን ሊክድ አይችልም። ሻኛው ከየት እንደተነሳ፣ ጎድኑ የት እንደነበረ፣ ጭቅናው ለምን እንደሚለሰልስ ያውቃል፤ አካሉ ፊቱ ተሰቅሏል። ይሁን እንጂ ግልጽነቱ ከመስቀያው ጀምሮ እዚያው ያበቃል። ሰንጋው በስንት ቀን መኪና ላይ ቆሞ እንደመጣ፣ ማን እንዳረደው፣ ደሙ ወዴት እንደፈሰሰ የሚጠይቅ የለም። እኔም በዚያ ምሽት አልጠየቅሁም፤ ሚጥሚጣው ጥሩ ነበር።

ከዚያው ጎዳና ላይ ካሉት ሱፐርማርኬቶች በአንዱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥጋ አለ። ደረቱ ለብቻ፣ ጭኑ ለብቻ፣ ክንፉ ለብቻ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የተደረደረ ዶሮ ነው። በአካባቢው የተከፈቱት የበርገርና የክሪስፒ ቤቶች የሚሠሩበትም ይኸው ነው። እዚህ ላይ «የየት አገር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። በሰማይ ደግሞ ሦስተኛው ሥጋ ያልፋል። አትላስ ለቦሌ አየር ማረፊያ ቅርብ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ከሚነሱት አውሮፕላኖች አንዳንዶቹ ተገፎ የጸዳና የቀዘቀዘ ፍየልና በግ ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ ይጭናሉ። ሦስቱ ሥጋዎች በአንድ ሰፈር ተላልፈው ሰላምታ አይለዋወጡም። ጾሙ ከገባ በኋላ፣ በቅድስት ሳምንት ሐሙስ፣ የካቲት 27 ቀን፣ ሁለቱን የማላውቃቸውን ሥጋዎች ፍለጋ ወደ ቢሾፍቱና ሞጆ ወረድኩ።

መንገዴ በቄራ በኩል ነበር። የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት የተቋቋመው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ ሰፈሩም ስሙን ከእሱ ወርሷል። ያኔ የከተማው ዳር የነበረው ቦታ ዛሬ በመኖሪያ ቤትና በሱቅ ተከቧል። የክርስቲያንና የሙስሊም ማረጃው የተለያየ ነው። በአንደኛው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ፣ በሌላኛው ቢስሚላህ ተብሎ ይታረዳል፤ የእንስሳት ሐኪሙ አይቶ ማኅተም ይመታና ሥጋው በመኪና ወደየሥጋ ቤቱ ይበተናል። በዓቢይ ጾም የክርስቲያኑ ወገን ይቀዘቅዛል። የቱም የኢኮኖሚ ባለሙያ ቢሆን በዓመት ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ፍላጎቱ በፈቃዱ የሚቆም ገበያ ሲያይ ይገረማል፦ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ነቢያት አለ፣ ሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ሃምሳ አምስት ቀኑ ዓቢይ ጾም አለ። ሥጋ ቤት ሲዘጋ ቆራጩ አገሩ ገብቶ ዘመድ ይጠይቃል። ሰንጋው በገበሬው ደጅ ሁለት ወር ይቆያል፤ ቢቆይ አይከፋም፣ ይልቁንም ይሰባል።

ቄራውን ለማወደስ ብዬ አይደለም ይህን ያነሳሁት። ደሙና ፈርሱ ለአሥርት ዓመታት ወደ ትንሹ አቃቂ ገባር ሲወርድ ኖሯል፤ የሰፈሩ ሰው ሽታውን ለእንግዳ እንደ አድራሻ ይነግረዋል። ያንኑ ወንዝ ተከትለው በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በአቃቂ የሚገኙት የአትክልት ማሳዎች ከፋብሪካው፣ ከመጸዳጃውና ከቄራው የተቀላቀለውን ውኃ ይጠጣሉ። ከእነዚያ ማሳዎች የሚነሳው ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ወደ ከተማ ይመለሳል። ፍስኩን ያጠብንበትን ውኃ በጾሙ በጎመን መልክ እንበላዋለን ማለት ነው። የቀድሞው አሠራር ንጹሕ ነበር፣ ያበላሸው ዘመናዊነት ነው የሚሉ ሰዎች አንድ ቀን ቄራ ድልድይ ላይ ይቁሙ።

በአሮጌው መንገድ በቃሊቲና በአቃቂ አልፈን ዱከም ስንደርስ፣ በሌላው ጊዜ አዲስ አበቤ ለጥሬ ሥጋ ብቻ ብሎ የሚመጣባቸው ቤቶች መስቀያቸው ባዶ ነው። ሰሌዳቸው ላይ ሽሮ፣ በያይነቱና ዓሣ ተጽፏል። የሚኒባሱ ረዳት ወደ ውጭ እያየ «ዱከም ሞታለች» አለ።

ቢሾፍቱ ግን አልሞተችም። የአገሪቱ የዶሮ ከተማ እሷ ናት ብል የሚቃወመኝ አይኖርም። ኤልፎራና ዓለማ እርሻዎች ስማቸው የተጠራው ከዚህ ነው፤ የጫጩት ማስፈልፈያው፣ የመኖ ማቀነባበሪያው፣ የመድኃኒት ሱቁ፣ በየግቢው ያለው ትንሽ የዶሮ ቤት ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስቧል። የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚሁ ናቸው። አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም፤ የሥጋ ጉዳይ በዚህ አገር ከበሽታ ጉዳይ ተለይቶ አያውቅም። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ የጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባው ከብት ጋር የደስታ በሽታ ገባ። በጥቂት ዓመታት ከአገሪቱ ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ በሬ ያጣ ገበሬ ማሳው ጦም አደረ፤ ታሪክ ክፉ ቀን ብሎ የመዘገበው ረኀብ ተከተለ። ለሠራዊት ስንቅ ከባሕር ማዶ በጅምላ የተጫነ ከብት አንድን አገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከእኛ በላይ ምስክር የለም። ዓለም ይህ በሽታ ከምድር ጠፋ ብሎ ያወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ብዙ እንስሳ በጠባብ ቦታ ታፍጎ በሚኖርበት የዛሬው አሠራር ተመሳሳዩ አደጋ በሌላ ስም ቢመጣ ማን ተጠያቂ እንደሚሆን ማሰብ ተገቢ ነው።

ወዳጆቼ ያገናኙኝ አንዲት እናት ከግቢያቸው ጓሮ በቆርቆሮ የተሠራ ቤት አላቸው። ጫማዬን በመድኃኒት ውኃ አስነክረው አስገቡኝ። ሰጋቱራ በተነጠፈበት ወለል ላይ ሦስት መቶ ያህል የአንድ ቀን ጫጩቶች በአምፖል ሙቀት ሥር ተከማችተው ይጮኻሉ። የመጡት ጠዋት ነው።

«እትዬ፣ ለምን ዛሬ?» አልኳቸው።

«ፋሲካ መቼ ነው፣ ልጄ?»

«ሚያዝያ 12።»

«አርባ አምስት ቀን ወደ ኋላ ቁጠር።»

ቆጠርኩ። የካቲት 27 ላይ ወደቅሁ፤ ዛሬ ነው።

ነገሩን ከዚያ በኋላ ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። ለሥጋ የተዳቀለ ዶሮ፣ ኮብ 500 ይሁን ሮስ 308፣ ከጫጩትነት እስከ ቢላዋ ያለው ዕድሜው ስድስት ሳምንት፣ ቢበዛ ሰባት ነው። ዓቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ነው። የእነዚህ ፍጥረታት ዕድሜ ሙሉ በሙሉ በአንድ ጾም ውስጥ ይገባል፤ ሕዝበ ክርስቲያኑ ሥጋ ባልቀመሰበት ጊዜ ተፈልፍለው፣ አድገው፣ ከብደው ያልቃሉ። ሰንጋው ጾሙን ቆሞ ያሳልፋል ብያለሁ። ይህ ዶሮ ግን አይጠብቅም። ከቀኑ ካለፈ የሚበላው መኖ ከሚጨምረው ሥጋ ይበልጥና ባለቤቱን ያከስራል፤ አካሉም ራሱን መሸከም ያቅተዋል። እግሩ ይደክማል፣ ልቡ ይደክማል። ፈጥኖ እንዲያድግ ሆኖ ተዳቅሏል፤ ከዚያ ወዲያ እንዲኖር ያሰበ የለም።

«ዶሮ ጾም አያውቅም» አሉኝ እናትየዋ። «ሌሊትም ቀንም ይበላል። የምጾመው እኔ ነኝ።»

ይህ ዓይነቱ ዶሮ በማን እቅድ እንደመጣ ቢጠየቅ፣ መነሻው እቅድ አልነበረም። በ1923 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት ሴሲል ስቲል የተባለች የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ባልደረባ ሚስት ለእንቁላል 50 ጫጩት አዝዛ በስህተት 500 ተላከላት። አልመለሰችም፤ አሳድጋ ለሥጋ ሸጠቻቸው፤ አተረፈችባቸው፤ ጎረቤቶቿ ተከተሏት። ከዚያ በፊት የዶሮ ሥጋ የእንቁላል ተረፈ ምርት ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ በቁጥር ከሚታረዱት የየብስ እንስሳት ውስጥ እጅግ የሚበዛው ዶሮ ነው።

የእኛው ግን እቅድ አለው፤ ያውም የተጻፈ። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ ከአገሪቱ ጠቅላላ ልቀት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከከብት እርባታ እንደሚመጣ አስልቶ፣ መፍትሔ ካላቸው ነገሮች አንዱን የዶሮን ድርሻ ማሳደግ አደረገ። በ2030 እ.ኤ.አ. ከምንበላው ሥጋ 30 በመቶው ዶሮ እንዲሆን ታቀደ። ምክንያቱ ለማስረዳት ቀላል ነው፦ ከብት እያመሰኳ ሚቴን ያገሳል፤ ዶሮ አያመሰኳም። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት እንቁላልን፣ የዶሮ ሥጋን፣ ወተትን፣ ማርንና ዓሣን በየቤቱ ለማድረስ ተነሳ። የፈረንሳዩ ሳሶ ዝርያ፣ ከመቀሌ በጀመረው ኢትዮ ቺክን በኩል፣ የአንድ ቀን ጫጩት ተቀብለው በሚያሳድጉ ወኪሎች እጅ አልፎ ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላው ገባ።

ይህን እቅድ ከአትላስ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልሳደብበት አልችልም። አማካይ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚደርሰው ሥጋ 10 ኪሎ አይሞላም፤ አሜሪካዊው ከ100 ኪሎ በላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው ቀጭጨው ተገኝተዋል። ለእነዚያ ልጆች በቀን አንድ እንቁላል ትልቅ ነገር ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ከሺህ ብር በላይ አውጥቶ የሚበላ ሰው ለድሃ የሚቀርበውን ርካሽ ዶሮ «ጣዕም የለውም፣ ጭካኔ አለበት» ሲል የሚሰማው ጆሮ ቢያጣ አልፈርድም። በአውሮፓ ለዶሮ የቆሙት ሰዎች ሲጽፉና ሲከራከሩ ኖረው ባትሪ ኬጅ የሚባለው ጠባብ የእንቁላል ጣይ ዶሮ ሳጥን በ2012 እ.ኤ.አ. በኅብረቱ አገሮች ተከልክሏል። እነሱ ግን ክርክሩን የጀመሩት ከጠገቡ በኋላ ነው። እኛ ሳንጠግብ እንድንጀምር ተገደናል።

ብንጀምር የት ነው የምንጀምረው? እኔ ከእናትየዋ ሒሳብ እጀምራለሁ። ዶሮ ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ዕዳው የእሳቸው ነው፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ከሰል አያይዘው የሚያድሩት እሳቸው ናቸው። ጫጩቱን ግን እሳቸው ማስፈልፈል አይችሉም። ዝርያው ድቅል ስለሆነ ከራሱ ቢራባ ያንኑ አይሆንም፤ ወላጆቹ በየጊዜው ከውጭ ይመጣሉ። ከወጪያቸው ሁለት ሦስተኛው የሚሄደው ለመኖ ነው። መኖው በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ በቆሎ በዚህ አገር የዶሮ ብቻ ምግብ አይደለም። በቆሎ ሲወደድ የዶሮውን ዋጋ መጨመር አይችሉም፤ ዋጋውን የሚነግራቸው ነጋዴው ነውና። መደርደሪያው ላይ ያለውን የታሸገ መድኃኒት አሳዩኝ፤ «ሲያነጥሱ በውኃ እሰጣቸዋለሁ» አሉ። ሐኪም አዟል ወይ ብዬ ስጠይቅ ሳቁ። ያ አንቲባዮቲክ ለሰው ልጅም የሚያገለግለው ዓይነት ነው፤ በሽታው መድኃኒቱን ሲለምደው የሚጎዳው በላተኛውም፣ ያልበላውም ነው። 30 በመቶ ሲባል ይህ ሁሉ አብሮ ይቆጠራል ወይ? ሰነዱ የልቀቱን ቶን አስልቷል። የእናትየዋን ሌሊት ያሰላ ገጽ አላየሁበትም።

አንድ ነገር ግን አጽናንቶኛል፤ ከወጥ ቤት የመጣ ነው። ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ብቻ ሰዓታት ይቁላላል። የስድስት ሳምንቱ ዶሮ በዚያ ድስት ውስጥ ገብቶ አሥራ ሁለቱ ብልት ሆኖ አይወጣም፤ ይፈርሳል። ስለዚህ የፋሲካ ዶሮ ፈላጊ ሁሉ ገበያ ወጥቶ የሐበሻውን፣ ካልሆነም ያረጀውን እንቁላል ጣይ ያማርጣል። እናትየዋ ራሳቸው ለበዓል የሚሠሩት ከእነዚህ ከሦስት መቶዎቹ አይደለም። «ይሄ የሆቴል ነው» አሉኝ። የእሳቸው ዶሮ ወደ አትላስና ወደ ቦሌ ጥብስና በርገር ቤቶች ነው የሚሄደው። አንድ ወጥ፣ በረጅም አሠራሩ ብቻ፣ አንድን ኢንዱስትሪ ከድስቱ እንዳይገባ ከልክሎታል። እስከ መቼ እንደሚከለክል አላውቅም፤ ቸኩለው የሚሠሩ ወጣቶች በዝተዋል፣ የታሸገ ቁሌትም ሱፐርማርኬት ገብቷል።

ሞጆ የደረስኩት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ሞጆ በቆዳ ፋብሪካዋና በደረቅ ወደቧ ትታወቃለች። የኤክስፖርት ቄራዎቹ አብዛኞቹ በእሷና በቢሾፍቱ ዙሪያ ናቸው። የሚያርዱት በዋናነት ለባሕረ ሰላጤው ገበያ ነው፦ ከቦረና፣ ከባሌ፣ ከሶማሌና ከአፋር ቆላ የሚመጣ ወጣት ፍየልና በግ። የደጋው በግ አይፈለግም፤ ሥጋው ሲቀዘቅዝ ይጠቁርና ገዢው ይመልሰዋል። አረዱ በእስልምና ሥርዓት ነው። ውስጥ አልገባሁም፤ ፈቃድ አልነበረኝም። በር ላይ ግን የሚታይ አለ። በአይሱዙ ተደራርበው የመጡ ፍየሎች ቁልቁል እየተገፉ ይወርዳሉ፤ በሌላው በር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ይወጣል።

ረመዳን የገባው ከአምስት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ የካቲት 22 ቀን ነበር። ለዚህ ሥራ ከዓመቱ ሁሉ የሚጨናነቀው ወቅት ይህ ነው፤ የጅዳና የሪያድ ገበታ ለኢፍጣር ሥጋ ይፈልጋል። እንግዲህ ይታያችሁ፦ አራጁ ሙስሊም ነው፣ ይጾማል። ቆዳውን የሚገፈው፣ ወለሉን የሚያጥበው፣ መኪናውን የሚጭነው ክርስቲያን ይኖራል፣ እሱም ይጾማል። የበሩ ጥበቃ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀመሰም፤ ሾፌሩ ፀሐይ እስክትጠልቅ አይቀምስም። ሥጋ የማይቀምሱ ሰዎች ሥጋ ሲያመርቱ ውለዋል። ወደ ቦሌ የሚነዳው ሾፌር «ቴምርና ውኃ ጋቢና ውስጥ አለኝ፤ መግሪብ መንገድ ላይ ነው የሚይዘኝ» አለኝ።

መንግሥት ይህን ሥጋ የሚፈልገው ለዶላር ነው፤ በጥሩ ዓመት ከዘርፉ የሚገኘው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። 70 ሚሊዮን ገደማ ከብት፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፍየልና በግ ላላት አገር ይህ ትንሽ ነው ይባላል። ለዚህም ተጠያቂ የሚደረገው ኮንትሮባንዱ ነው፤ እንስሳው በእግሩ በሞያሌና በሶማሌ በኩል ድንበር ተሻግሮ ከነሕይወቱ መርከብ ላይ ይወጣልና። አርብቶ አደሩ ግን ለቀረበውና ለከፈለው ይሸጣል። እሱ ገበያ ሲዘጋበት ማንም አልጠየቀለትም። በ1993 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በየመንና በሳዑዲ የሪፍት ቫሊ ትኩሳት ሲነሳ ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ እንስሳ አላስገባም አለች፤ በአንድ ውሳኔ የስንት ቤተሰብ ፍየል ዋጋ አጣ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዝናቡ ወቅት በወቅት ላይ ሲቀር በቦረና በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ አለቀ። ያን ጊዜ ከሞት የተረፈው ነው ዛሬ ከአይሱዙ እየወረደ ያለው፣ ወይም የተረፈው ልጅ።

በሩ አጠገብ ካለች ትንሽ ዛፍ ጥላ ሥር አንድ ደላላ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ከያቤሎ በኩል ነው የመጣው። ፍየሎቹ ለምን እንዲህ እንደሚንገዳገዱ ጠየቅሁት።

«ከትናንት ጀምሮ ቆመው ነው የመጡት» አለ። «ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው እኮ። ውኃ የለም፣ መኖ የለም። መንገድ ላይ ቢበሉ መኪናው ውስጥ ይተኛሉ፤ የተኛ ይረገጣል፤ የተረገጠ ይሞታል።»

«ክብደት ይቀንሳሉ?»

«እንዴ! በጣም እንጂ።»

«ኪሳራው የማን ነው ታዲያ?»

ዝም ብሎ አየኝ፤ የማላውቀውን እየጠየቅሁት ወይስ እየፈተንኩት እንደሆነ ለመለየት የፈለገ ይመስላል። ከዚያ አስረዳኝ። ቦረና ገበያ ላይ ፍየል የሚገዛው በዓይን ግምት ነው። እዚህ በር ላይ የሚሸጠው በሚዛን ነው። በመካከል ያለውን ረኀብና ጥማት ሚዛኑ ይቀንሰዋል። ቄራው የሚከፍለው የተመዘነውን ነው። ደላላው ደግሞ ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ያቤሎ ላይ ሲገዛ መንገድ የሚበላውን ኪሎ ቀንሶ ነው ዋጋ የሚሰጠው።

«እኔ እከስራለሁ እንዴ?» አለ። «የምትከፍለው ባለ ፍየሏ ናት።»

የፍየሉ ጥማት ዋጋ አለው ማለት ነው፤ ተተምኖ፣ ተቀንሶ፣ ከአንዲት የቦረና ሴት ኪስ ተከፍሏል። በመንገዱ ላይ ማረፊያ፣ ውኃና ጥላ ያለው ጣቢያ ቢሠራ ፍየሉም ይጠጣል፣ ሴትየዋም የቀረባትን ኪሎ ታገኛለች። ለእንስሳ ማዘንና ለሰው መሟገት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው የሚሉኝን ሰዎች እዚያ በር ላይ ባቆማቸው ደስ ይለኝ ነበር። ደላላውን፣ ያ ጣቢያ ቢሠራ ትጠቀምበታለህ ወይ አልኩት።

«ሚዛኑ ያቤሎ ላይም ከተቀመጠ» አለ፤ «አለበለዚያ ውኃውን የሚጠጣልኝ ፍየል ትርፉ የእኔ ነው፤ ለእሷ ለምን እነግራታለሁ?»